ሙድል ለጎንደር አስጎብኚ ሠልጣኞች፦ የኮርስ አደረጃጀቱ ሲመዘን

ሙድል በተባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሥርዓት ጎንደር ውስጥ ለአስጎብኚነት ሠልጣኞች ኮርስ ሳዘጋጅ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በሌሎች ተቋማት የሚያስተምሩ የሙያ ባልደረቦቼ ሥርዓቱ ይጠቅም እንደሆነ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ለእያንዳንዱ በቃል ከመመለስ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስቀመጡን መረጥሁ። ሙድል ፈተና ያርማል፣ ውጤት ይመዘግባል፣ መልእክት ያደርሳል፤ እዚህ የምመዝነው ግን የኮርስ ይዘት አደረጃጀቱን ብቻ ነው። መለኪያዬም አንድ ነው፤ ፋሲል ግቢ በር ላይ ቆሞ ጎብኚ የሚጠብቅ ሠልጣኝ ስልኩን ሲከፍት፣ የትኛው ትምህርት ላይ እንደደረሰና ቀጥሎ ምን ማንበብ እንዳለበት ማንንም ሳይጠይቅ ማወቅ ይችላል ወይ?

ሙድል ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ የፈቃድ ክፍያም የማይጠየቅበት ሶፍትዌር ነው፤ የሚቀመጥበት ሰርቨርና የሚንከባከበው ባለሙያ ግን ወጪ አላቸው። የመጀመሪያው ይፋዊ እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2002 ነው። የፈጠረው አውስትራሊያዊ ማርቲን ዱጊያማስ በልጅነቱ በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃማ አካባቢ ሲኖር ትምህርቱን የሚከታተለው ሩቅ ካለ መምህር ጋር በሬዲዮ እየተገናኘ ነበር። ከመምህሩ የራቀ ተማሪ ችግር በሥርዓቱ ውስጥ ከመነሻው የታሰበበት መሆኑ፣ በተለይ ኋላ የምመለስበትን የስልክ መተግበሪያ ስጠቀም ይሰማኛል።

ከሙድል በፊት ይዘታችን ሁሉ የሚቀመጠው ቴሌግራም ላይ ነበር። ቴሌግራም ፈጣን ነው፣ ሠልጣኙም ለምዶታል፤ ነገር ግን ሰኞ የተላከ ሃንድአውት ዓርብ እስኪደርስ በሰላምታ፣ በበዓል መልካም ምኞትና «መምህር፣ ነገ ክፍል አለ?» በሚሉ ጥያቄዎች ሥር ይቀበራል። የታረመ ጽሑፍ በላክሁ ቁጥር ደግሞ ያልታረመው እዚያው ስለሚቀር፣ ግማሹ ክፍል አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን አጥንቶ ይመጣ ነበር። ሙድል ይህን ችግር ከሥሩ ይፈታዋል፤ አንድ ፋይል በነበረበት ቦታ በአዲስ ሲተካ ስሙም ሆነ ሊንኩ አይለወጥም፣ ከዚያ በኋላ ገብቶ የከፈተ ሁሉ የሚያየው የታረመውን ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ግን ቴሌግራም ላይ የነበረውን እንዳለ ወደ ሙድል ማዛወር በቂ መስሎኝ ነበር። ሥርዓቱ ፋይል ከኮምፒዩተር ጎትቶ ኮርሱ ገጽ ላይ መልቀቅን ስለሚፈቅድ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሁለት ዓመት ሃንድአውት ጫንሁ። በስልክ ሲታይ ጣት እስኪደክም ወደ ላይ የሚገፋ ዝርዝር ሆነ፤ ስሞቹም «ጎንደር አዲስ»፣ «ጎንደር አዲስ 2»፣ «የመጨረሻ የታረመ» የሚሉ ነበሩ። አንዲት ሠልጣኝ ስልኳን ይዛ መጥታ «መምህር፣ የቁስቋሙ የትኛው ነው?» ስትለኝ፣ ሦስት ፋይል ከፍቼ ነው ያገኘሁላት። ሙድልን የሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ይህን ይመስለኛል፤ ሥርዓቱ የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል፣ መልክ የማስያዙ ሥራ ግን ሙሉ በሙሉ የመምህሩ ነው።

አዲስ ኮርስ ሲከፈት ሙድል፣ ይዘቱ «ክፍል» በሚባሉ ምድቦች የሚደረደርበትን የአደረጃጀት ቅርጽ ያስመርጣል፤ ከሚሰጣቸው ምርጫዎች ውስጥ በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው ሳምንታዊ ነው፤ የኮርሱ መጀመሪያ ቀን ከተሞላለት የየሳምንቱን ቀናት ራሱ ቆጥሮ የየክፍሉ ርዕስ ያደርጋቸዋል። ሁለተኛው መምህሩ ክፍሎቹን እንደፈለገ የሚሰይምበት ነው። የትምህርት ዕቅዳችን በሳምንት የተከፋፈለ ስለነበረ ሳምንታዊውን መረጥሁ፤ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽም ያለ እንከን ሄደ።

ጥር ሲደርስ ግን ሁሉ ነገር ተዛባ። ጎንደር ውስጥ በጥምቀት ሰሞን አስጎብኚ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም፤ ሠልጣኞቼ ከነባር አስጎብኚዎች ጋር ለልምምድ ይሠማራሉ፣ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱም ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ መተላለፊያ ይጠፋል። ሳምንታዊው ቅርጽ ይህን አያውቅም፤ የጥምቀትን ሳምንት እንደማንኛውም ሳምንት ቆጥሮ ያልፋል፣ አሁን ያለንበትን ሳምንት ደግሞ ራሱ አድምቆ ያሳያል። ከበዓሉ የተመለሰ ሠልጣኝ ኮርሱን ሲከፍት ደምቆ የሚጠብቀው ገና ያልደረሰበት ትምህርት ነበር። አንዳንዶቹ የደመቀውን አይተው ያለፉትን ሁለት ክፍሎች ሳይነኩ ወደ ፊት ዘለሉ፤ ሌሎቹ ብዙ ነገር ያመለጣቸው መስሏቸው ለቀናት ሳይከፍቱት ቀሩ። ሁሉም ሠልጣኝ በአንድ ቀን በአንድ ክፍል በሚገናኝበት ትምህርት ሳምንታዊው ቅርጽ ጥሩ ሊሆን ይችላል። የሥራው ወቅት ከትምህርቱ ወቅት ጋር ለሚጋጭበት ሙያ ግን አልመክረውም።

ወደ ሁለተኛው ቅርጽ ስዞር ከባዱ ጥያቄ መጣ፤ ክፍሎቹ በምን ይሰየሙ? የለመድነው ቅደም ተከተል የነገሥታቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ከነገሡት ከፋሲለደስ ተነሥቶ በቀዳማዊ ዮሐንስ፣ በቀዳማዊ ኢያሱ፣ በዳዊትና በበካፋ በኩል አድርጎ እስከ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ይወርዳል። ለታሪክ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ቅደም ተከተል የለም። አስጎብኚ ግን የሚናገረው ቆሞ ነው፤ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር የሚጠራው ከፊቱ ያለው ግንብ ነው። ቀዳማዊ ኢያሱ ቤተ መንግሥታቸው ፋሲል ግቢ ውስጥ ነው፣ ያሠሩት የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከግቢው ውጭ ነው፤ እቴጌ ምንትዋብም በግቢው ውስጥም፣ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ባሠሩበት በቁስቋምም አሉ። በንጉሥ የተደራጀ ኮርስ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ውስጥ ለቆመ ሠልጣኝ፣ ግማሹ ስለ ሌላ ቦታ የሚናገር ክፍል ይከፍትለታል።

ስለዚህ በቦታ አደራጀሁት፤ ፋሲል ግቢ፣ ፋሲል መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም እያልሁ። የነገሥታቱን ቅደም ተከተል ግን ልጥለው አልፈለግሁም። ሙድል «መጽሐፍ» የሚባል ምዕራፍና ንዑስ ምዕራፍ የሚይዝ የይዘት ዓይነት ስላለው፣ እያንዳንዱን ዘመነ መንግሥት አንድ ምዕራፍ አድርጌ ከኮርሱ አናት ላይ አስቀመጥሁት፤ ከየቦታው ክፍል ወደ ሚመለከተው ምዕራፍ የሚወስድ ሊንክም አኖርሁ። ቁስቋምን የሚያነብ ሠልጣኝ በአንድ ንክኪ ወደ ምንትዋብ ዘመን ይሄዳል፣ ሲጨርስ ወደነበረበት ይመለሳል። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ካደረግሁት ሁሉ ብዙ ፍሬ ያየሁበት ውሳኔ ይህ ነው።

የቀረው ችግር የፋሲል ግቢ ስፋት ነበር። ግቢው 900 ሜትር ገደማ በሚሆን አጥር የተከበበ፣ በዩኔስኮ መዝገብም እ.ኤ.አ. በ1979 የሰፈረ ሲሆን፣ የብዙ ነገሥታትን ሕንፃዎች አንድ ላይ ይዟል። በአንድ ክፍል ብጨምቀው ገጹ ማለቂያ የለውም፤ ለእያንዳንዱ ሕንፃ ራሱን የቻለ ክፍል ብሰጠው ደግሞ የኮርሱ ማውጫ ይረዝምና ፋሲል ግቢ አንድ ግቢ መሆኑ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 የወጣው 4.5 እትም በክፍል ውስጥ ንዑስ ክፍል መክፈትን ፈቀደ፤ የተቋማችን ሰርቨር ወደዚህ እትም ሲያድግ የመጀመሪያ ሥራዬ ግቢውን በሕንፃ በሕንፃ መክፈል ነበር። ንዑስ ክፍሉ በውስጡ ሌላ ንዑስ ክፍል አይቀበልም፤ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፣ ከዚያ በላይ የተቆለለ ይዘት በስልክ መስታወት ላይ መከተል ያስቸግራልና። ከ4.0 እትም ጀምሮ በግራ በኩል የሚታየው የኮርስ ማውጫ ከዚህ ጋር ሲጣመር፣ ሠልጣኙ ሙሉውን መንገድ በአንድ እይታ ያየዋል፤ የጨረሰውም ከጎኑ ምልክት ይደረግበታል።

የአንድ ክፍል ውስጡ ምን እንደሚመስል በደብረ ብርሃን ሥላሴ ላሳይ። ከላይ ሦስት መስመር የሚሆን መግቢያ አለ፤ ሠልጣኙ ይህን ክፍል ሲጨርስ ምን ማስረዳት እንደሚችል ይናገራል። ቀጥሎ «አንብብ፦ ሕንፃውና ሥዕሎቹ» የሚል ገጽ አለ፤ ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች፣ የግድግዳ ሥዕሎቹ ቅደም ተከተልና የዙሪያው ቅጥር ይብራሩበታል። በዚሁ ገጽ ታችኛው ክፍል «የሚነገር ትውፊት» የሚል ርዕስ ለብቻው አለ፤ ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህን ቤተ ክርስቲያን ንቦች እንዳዳኑት የሚነገረው ታሪክ ያለው እዚያ ነው። ትውፊቱን ከተመዘገበው ታሪክ በርዕስ መለየቴ ለአስጎብኚ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ለእንግዳ ሲናገር «እንዲህ ይባላል» የሚለውንና «እንዲህ ሆነ» የሚለውን አይቀላቅልም። ከዚያ «ተመልከት፦ ፎቶዎች» የሚል ፎልደር፣ ከእርሱ በታች «ሞክር፦ አምስት ጥያቄ» የሚል ኩዊዝ ይከተላል። ሁሉም ክፍል ይህንኑ ቅርጽ ስለሚይዝ፣ አንዱን የለመደ ሠልጣኝ በሌላው ውስጥ አይደናበርም።

ስለ ገጹ አንድ ነገር ማከል አለብኝ። ብዙ መምህር ፒዲኤፍ መጫን ይቀናዋል፤ እኔም እንደዚያው ነበርሁ። ፒዲኤፍ በስልክ ሲከፈት ፊደሉ ያንሳል፣ ሠልጣኙም በሁለት ጣት እየለጠጠ መስመር በመስመር ይጎትተዋል። የሙድል «ገጽ» ግን ጽሑፉን በስልኩ ስፋት ልክ ያስተካክለዋል። ሃንድአውቶቹን አንድ በአንድ ወደ ገጽ መገልበጥ ሙሉ ክረምት ፈጅቶብኛል፤ ዛሬም ቢሆን ደግሜ አደርገዋለሁ። ፎቶዎችንም በስልክ እንደተነሡ መጫን አይገባም፤ አንዱ ብቻ አራትና አምስት ሜጋባይት ስለሚሆን፣ ዳታውን በቆጠራ ለሚጠቀም ሠልጣኝ ከባድ ነው። ጣሪያውን የሚያሳዩትን ሁሉ አሳንሼ ጭኛቸዋለሁ፤ የመላእክቱ ዓይኖች አሁንም በደንብ ይታያሉ።

አንድን ይዘት ሌላው ሳይጠናቀቅ እንዳይከፈት ማድረግ ሙድል ካሉት ጠንካራ ጎኖች አንዱ ነው። በአቋቋም ትምህርት ስሟ ለታወቀው ለጎንደር ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል ያልለየ ዳዊት አይደግምም፣ የኔታም ሳያረጋግጡ ተማሪውን አያሳልፉም። ሙድል ላይ መምህሩ ቁልፉን በብዙ ዓይነት ማበጀት ይችላል፤ በቀን፣ በውጤት፣ በቡድን ወይም ያለፈውን በመጨረስ። ከቅንብሩ ጎን ያለችውን የዓይን ምልክት ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዓይኗ ከተዘጋች የተቆለፈው ይዘት ጨርሶ አይታይም፤ ከተከፈተች ግን ደብዝዞ ይታያል፣ ምን ሲሟላ እንደሚከፈትም ይነግራል። እኔ ሁልጊዜ እከፍታታለሁ፤ ወደፊት ያለውን የሚያይ ሠልጣኝ ለመድረስ ይተጋልና። በሌላ በኩል ቁልፍ አይብዛ፤ የምቆልፈው የየክፍሉን ኩዊዝ ብቻ ነው፣ ንባቡ ክፍት ነው። እንግዳ ድንገት ቁስቋምን ካለ፣ ሠልጣኙ ገና ደብረ ብርሃን ላይ ቢሆንም እንኳ ገብቶ ማንበብ መቻል አለበት።

ለእኛ አገር መምህር ከሁሉ የሚያስቸግረው የቀንና የሰዓት ጉዳይ ነው። ሥርዓቱ የሚቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠርና ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ የፋሲል ግቢን ኩዊዝ መዝጊያ ሰዓት 10:00 ብዬ ሞላሁ፤ ይህም በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ሠልጣኞቹ ያነበቡት ከቀኑ 10 ሰዓት ብለው ነበር፤ ከምሳ በኋላ ሊሠሩ የተቀመጡት ሁሉ ተዘግቶ አገኙት። አንዱ ከአዘዞ የወንድሙን ስልክ ተውሶ ነበር የገባው። ሙድል ለተመረጡ ሠልጣኞች ብቻ ጊዜ ማራዘምን ስለሚፈቅድ በዚያው ምሽት ከፈትሁላቸው፤ ስሕተቱ ግን የእኔ ነበርና ይቅርታም ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ የመዝጊያ ሰዓቴ ሁልጊዜ 18:00 ነው፤ 18 የሚባል ቁጥር በእኛ ሰዓት ላይ ስለሌለ ማንም በስሕተት አያነበውም። የአሳይመንት ማስረከቢያ ሲሞላ ሥርዓቱ አስቀድሞ የሚያስቀምጠው 00:00ም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ዕለቱ የሚጀምርበት እኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ ቀኑን ብቻ ያየ ሠልጣኝ ሙሉ ቀን የቀረው ይመስለዋል። በየክፍሉ መግቢያ ላይ «እስከ የካቲት 12 ከምሽቱ 12 ሰዓት» ብሎ በራሳችን አቆጣጠር መጻፍ ምንም ምትክ የለውም።

የፊደል ጉዳይም አለ። አማርኛ ያለ ችግር ይጻፍበታል፣ ይነበብበታል፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ዐፄን፣ አፄንና አጼን ሦስት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ነው የሚያያቸው። በአጭር መልስ ጥያቄ ላይ ሁሉንም አጻጻፍ ትክክል ብሎ አስቀድሞ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ያወቀ ሠልጣኝ ይወድቃል። በክፍልና በገጽ ስሞች ላይ ደግሞ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በእርሱ መጽናት ነው። ሥርዓቱ የአማርኛ የቋንቋ ጥቅል ቢኖረውም ሁሉም ነገር አልተተረጎመበትም፤ እንግሊዝኛና አማርኛ የተቀላቀለበት ገጽ ስለሚያደናግር እኛ ገጹን በእንግሊዝኛ፣ ይዘቱን በአማርኛ አድርገን እንጠቀማለን።

የስልክ መተግበሪያውን ዋጋ ያወቅሁት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ነው። ሠልጣኞች ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሲደርሱ የሚፈልጉትን ክፍል አውርደው ይወጣሉ፣ ቤታቸው ሆነው ያለ ኢንተርኔት ያነብባሉ። መምህሩ ከፈቀደና የጊዜ ገደብ ካልተደረገበት ኩዊዙንም ያለ ኔትወርክ ሠርተው፣ መስመር ሲያገኙ መልሱ ወደ ሰርቨሩ ይላካል። ይህ የሚሠራው ግን ይዘቱ በሥርዓት ከተከፋፈለ ነው፤ ሁሉ ነገር በአንድ ክፍል ከታጨቀ ሠልጣኙ አንዲት ገጽ ፈልጎ ሁሉን ለማውረድ ይገደዳል።

ጉግል ክላስሩምንም ሞክሬዋለሁ። ለመጀመር በጣም ይቀላል፣ ሰርቨርም አያስፈልገውም፤ ይዘት ግን በርዕስ ከመሰብሰብ ያለፈ አደረጃጀት የለውም፣ በርዕስ ሥር ሌላ ርዕስ አይከፈትም፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው እንዳይከፈት ማድረግም አይቻልም። ሙድል በአንጻሩ ገና ሲገቡበት ቅንብሩ ያስፈራል፤ አንድ ኩዊዝ ለመክፈት የሚታየው የምርጫ ብዛት አዲስ መምህርን ያሰለቻል። ብዙዎቹን እንዳሉ መተው እንደሚቻል ለመረዳት ለእኔ አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት ወስዶብኛል።

አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ብቻ ላለው፣ የኮምፒዩተር ባለሙያም በአጠገቡ ለሌለው መምህር ሙድልን ራሱ እንዲተክል አልመክረውም፤ ክላስሩም ይበቃዋል። ተቋሙ ሰርቨርና ባለሙያ ላለው፣ ትምህርቱንም በየዓመቱ ለሚደግም ሰው ግን ያለ ማመንታት እላለሁ፤ አንዴ የተደራጀ ኮርስ ያለ ሠልጣኞቹ መረጃ ባክአፕ ተደርጎ ለአዲሱ ዙር ሲመለስና አዲስ የመጀመሪያ ቀን ሲሰጠው፣ ቀናቱን ከዚያው ጋር አስማምቶ ይገፋቸዋል። በእኔ በኩል ቀጣዩ ሥራ ለየቦታው የድምፅ ገለጻ መጨመር ነው፤ ከቁስቋም ልጀምር አስቤያለሁ፣ እዚያ ድረስ የሚያስኬደው ዳገት ረዥም ስለሆነ ሠልጣኙ እየወጣ ሊያዳምጠው ይችላል።